የአማት ትራስ

ሴትዮዋ የተገኙት ፀሐይ ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ በላይ ብቅ ስትል፣ ዋናው መንገድ ወደ ቀኝ በሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ ነው። መንገድ ጠራጊው መጀመሪያ የወደቀ የልብስ ጥቅል መስሎት በመጥረጊያው ሊገፋቸው ነበር። ጥቅሉ ሲያቃስት መጥረጊያውን ወርውሮ ጩኸቱን አቀለጠው።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ አምቡላንሱ ሄዶ የቀረው ወሬ ብቻ ነበር። ሰው ማዕዘኑን ከቦ እያንዳንዱ ያላየውን ይተርካል። መኪናውን ሊያቆም ጠጋ ሲል አንድ ሽማግሌ ከፊቱ ዘለው ሸሹ። ቀድማው በሞተር ሳይክሏ የደረሰችው ሳጅን ኮፈኑን በመዳፏ መታ አደረገችው።

"ኧረ ቀስ! ለዛሬ አንድ ይበቃናል፣ ኢንስፔክተር።"

"አላየኋቸውም" አለ፤ ጆሮው ጋለ።

አላየም፤ እውነቱን ነው። ግን እንዲያይ የምታደርገው ነገር ፊቱ ተለጥፋለች። መሥሪያ ቤቱ ዓምና በየመኪናው መስታወት ላይ መዳፍ የምታክል ዕቃ አስገጥሟል፤ እግረኛ ሲጠጋ ቀይ እያበራች የምትጮህ። ኢንስፔክተሩ አንድ ሳምንት ታገሣት። ለሚያልፈውም ለቆመውም ስትጮህበት ጊዜ የቁስል ፕላስተር አጥፎ አፏ ላይ፣ ጥቁር ቴፕ ደግሞ መብራቷ ላይ ለጠፈና ተገላገለ። "ፀጉሬ እስኪሸብት የነዳሁ ሰው ዕቃ ትምከረኝ?" ይል ነበር ለራሱ። ለሌላ ሰው ግን ብሎት አያውቅም፤ መኪናውም ውስጥ ሰው ሲገባ ፀሐይ መከላከያውን ዝቅ ማድረግ ልማዱ ሆኗል።

"የፍሬን ምልክት የለም" አለች ሳጅኗ፣ አስፋልቱ ላይ ቁጢጥ ብላ።

"ማለት?"

"የገጫቸው ሰው ጭራሽ አላያቸውም። ወይም አይቶ አልደነገጠም። ይሄ ደግሞ እጃቸው ላይ ነበር። አምቡላንሶቹ ጣታቸውን በግድ ነው ያላቀቁት።"

ቡናማ የመነጽር ማኅደር ነው። ከፍቶ አየው፤ ቀጭን ፍሬም፣ አንደኛው መስታወት ተሰንጥቋል። ማስረጃ መያዣ ፖስታ ውስጥ ከተተው።

"በዚያ ሰዓት እዚህ የሚያልፈው ማን ነው?"

"ሁለት ብቻ ናቸው ይላሉ። የዳቦ ማመላለሻዋ ነጭ መኪናና የልብስ ፋብሪካው ሰማያዊ ሰርቪስ።"

ሆስፒታል ሲገባ ሐኪሙ በር ላይ ያዘው። "ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ነገ ቀዶ ጥገና አላቸው። ይተርፋሉ። እንደ ድሮው መሄዳቸውን ግን አልምልም።"

አልጋው አጠገብ ልጃቸው ቆማለች። የፋብሪካውን ሽርጥ እንኳ ሳታወልቅ ሮጣ የመጣች፣ ጣቶቿ በመርፌ የተቦጫጨሩ ልጅ ናት። ኢንስፔክተሩን ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችው። ንቀት መሰለውና ኮቱን አስተካከለ።

"ስሙን ብቻ ይንገሩኝ" አለች። "እናቴን እንደ ውሻ መንገድ ላይ ጥሎ የሄደውን ሰውዬ ስሙን ብቻ።"

"እናገኘዋለን፣ እህቴ።"

"ቤት ደህና ትቻት ነው የወጣሁት። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ምን ትሠራለች? ስጠይቃት 'ነፋስ ልቀበል ብዬ' ትለኛለች። እማዬ በሕይወቷ ነፋስ ተቀብላ አታውቅም!"

"ውሃ አምጪልኝ የኔ ልጅ" አሉ እናቲቱ።

"ይኸው ውሃ አለ እኮ።"

"ቀዝቃዛ።"

ልጅቷ ወጣች። እናቲቱ ኮቴዋ እስኪርቅ ጠበቁና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

"ነጭ ነበር" አሉ። "ትንሽ ነጭ መኪና።"

"ሹፌሩን አዩት?"

"አላየሁም።"

"መነጽሩስ የእርስዎ ነው?"

ትንሽ ዘገዩ። "የኔ ነው። ማን ይሰጠኛል ሌላ?"

"እናቴ፣ በደንብ ያስታውሱ። ሰማያዊ ትልቅ መኪና አልነበረም?"

"ነጭ አልኩህ እኮ ልጄ! አሞኛል፤ ተወኝ እስኪ።"

ኢንስፔክተሩ ተዋቸው። የተገጨ ሰው የገጨውን ይሸፍናል ብሎ ማን ያስባል?

የዳቦው ሹፌር ባዶ ሳጥኖቹን ሲያወርድ ተያዘ። የመኪናው ቀኝ ጎን ተጨፍልቋል።

"መጋዘኑ በር ነው፣ ጌታዬ። ባለፈው ሳምንት።"

"ማን አየ?"

"በሩ!" አለ ሰውዬው። ቀልዱ እንዳልሠራለት ሲገባው ድምፁ ወረደ። "ብቻዬን ነበርኩ። እንዳልቀጣ ብዬ ለባለቤቱም አልነገርኩም።"

"ዛሬ ጠዋት ማዕዘኑን መቼ አለፍክ?"

"ጨለማ ሳለ። ሰው ገና አልወጣም።"

"ማን ያውቃል?"

ሰውዬው ግራና ቀኙን አየ፤ ምስክር የሚሆነው ባዶ ሳጥን ብቻ ነበር። አሰሩት። ሊወስዱት ሲሉ፣ "ገጭቼስ ቢሆን ኖሮ ትቻቸው እሄዳለሁ?" አለ፤ ይህን ጊዜ እንባው መጣ። የዳቦ ቤቱ ሠራተኞች ትናንት አብረው እንዳልሳቁ ሁሉ ገለል ገለል አሉለት።

ሳጅኗ ግን ሙሉ ቀን ስትቁነጠነጥ ዋለች።

"ምን ሆነሻል?"

"ጭፍልቁ ዝጓል፣ ኢንስፔክተር። የዛሬ ቁስል አይዝግም።"

"ተጎጂዋ እኮ ነጭ ነው እያሉ ነው።"

"እሱስ ነው። ግን ሰርቪሱን ሳናይ ብንቀር፣ ኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን።"

በማግሥቱ ጠዋት ፋብሪካው ግቢ ሄዱ። የስምሪት ኃላፊው ሆዱን አስቀድሞ ተቀበላቸው፤ ነገሩን ሲሰማ ከልቡ ሳቀ።

"የኛ ሰርቪስ ሰው ሊገጭ? አይችልም! ይቺን አያዩም?" መስታወቱ ላይ ያለችውን ዕቃ በጣቱ መታ መታ አደረጋት። ኢንስፔክተሩ ወዲያው ነው ያወቃት፤ እሱ መኪና ላይ ያለችው ዕቃ እኅት ናት። "ሰው አጠገቧ ሲደርስ እሪ ነው የምትለው። በጎንም ታያለች። አንድ መኪና ሙሉ ሰው ተሳፍሮ ነበር። ጮኻ ከሆነ አንዱ ይሰማ የለ? ይጠይቋቸው።"

ጠየቋቸው። ስፌት ክፍሉ ውስጥ ማሽኖቹ ጋብ እስኪሉ ጠብቀው ሴቶቹን አንድ በአንድ ጠየቁ።

"ትናንት ጠዋት ስትጮህ ሰምተሻል?"

"ኧረ ምንም።"

"አንቺስ?"

"ተኝቼ ነበር። እኛ መቀመጫው ሲነካን ነው የምንተኛው።"

ሁሉም እንዲሁ አሉ። የአንዷ ወንበር ባዶ ነበር፤ የተገጩት ሴትዮ ልጅ ወንበር ነው። ጓደኞቿ ስለ እናቷ እየጠየቁ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ፣ "ያን ጨካኝ ያዛችሁት አሉ፣ እሰይ!" አለች። ኢንስፔክተሩ አመስግኖ ወጣ።

ሹፌሩ ውጪ ቆሟል። "ሰተት" ነው የሚሉት፤ ፍሬን ሲይዝ ብርጭቆ ውሃ አይፈስም፣ ሰተት አድርጎ ያደርሳል ብለው ያወጡለት ስም ነው። ሽበት የጀማመረው፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሣ ዝምተኛ ሰው ነው።

"አልሰማሁም፣ አላየሁም" አለ። "ብትጮህ እቆም ነበር።"

አለቀ። ዝምታዋ ምስክር ሆነች። ኢንስፔክተሩ ሊሄድ ዞሮ፣ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ተመልሶ ሰርቪሱ ላይ ወጣ።

"እስኪ አስነሣውና ግቢውን አንድ ጊዜ አዙረኝ።"

ሰተት ሞተሩን አስነሣ። ገና ሳይንቀሳቀሱ ጥበቃው ፊት ለፊታቸው አለፈ። ጢጢጢጥ! ቀይ። ሳጅኗ ከጎን መጣች። ጢጢጢጥ! ግድግዳው ላይ ካፖርት ለብሳ ፈገግ ያለች ሴት ትልቅ የማስታወቂያ ሥዕል ነበረች፤ አጠገቧ ሲደርሱ ዕቃይቱ ከሁሉ አስበልጣ ጮኸችባት።

"ለሥዕልም?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ለሥዕልም" አለ ሰተት ሳያስበው። "የግድግዳ ጥላ ብታይም አትምርም። አማት ነው የምንላት። ምንም ብትሠራላት አይጥማትም።"

ኢንስፔክተሩ መሳቅ ጀመረና ድንገት አቋረጠ።

"አቁመው።"

ሰርቪሱ ሰተት ብሎ ቆመ።

"ትናንት ስንት ፌርማታ ሰው አነሣህ? በገበያው መሀል አለፍክ? በፋብሪካው በር ገባህ? ለዚያ ሁሉ ሰው አንዴ እንኳ አልጮኸችም ማለት ነው? ለሥዕል የምትጮህ አማት?"

ሹፌሩ መሪውን ጨበጠ። ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ ዕቃይቱን አያት። ከመስታወቱ ሥር ያለው ሁሉ አቧራ ለብሷል፤ እሷ ብቻ ዛሬ ፊቷን የታጠበች ይመስል ጥርት ብላለች። ለረጅም ጊዜ ተሸፍና ኖራ ገና መገለጧ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ መርማሪ መሆን አላስፈለገውም፤ የገዛ መኪናው በቂ ትምህርት ቤት ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ትዝ ብሎት አንገቱን ደፋ።

"በምን ሸፈንካት?" አለ፤ ድምፁ ግን የመርማሪ አልነበረም።

ሰተት ከመቀመጫው ሥር እጁን ሰደደና አንድ ነገር አወጣ። ትንሽ ትራስ ናት። በፋብሪካው ሰማያዊ ጨርቅ የተሰፋች፣ ዙሪያዋ ላስቲክ ያላት፤ ዕቃይቱን እንደ ኮፍያ ታጠልቃለች። ፊቷ ላይ የተጨፈኑ ሁለት ዓይኖች በነጭ ክር ተጠልፈዋል።

"ልጆቹ ከዶሮ ጋር ነው የሚነሡት፣ ጌታዬ። ያቺ መንገድ ላይ የሚያገኟት እንቅልፍ ናት ያለቻቸው። አማት ደግሞ በየሰዉ እየጮኸች ስታስበረግጋቸው አንዷ አልቅሳ ታውቃለች። ስምሪት ሄጄ አመለከትኩ፤ 'ልመዳት' አሉኝ። ከዚያ ይቺን ሰፍተው ሰጡኝ። ሰው ባስተኛ ኃጢአት ነው ወይ አልኩ።"

"ማን ሰፋው?"

"እሱን አልናገርም። ዝም አይነቅዝም።"

"ማዕዘኑ ላይስ?"

"ስታጠፍ ከኋላ ኮሽ ያለ መሰለኝ። ጎማ የረገጠው ጠርሙስ ነው ብዬ አለፍኩ። እምልልዎታለሁ፣ ሰው መሆኑን አላወቅሁም።"

"ስትሰማስ?"

ሰተት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። ፊቱ ደም መስሏል። "ስሰማማ... ትራሱን አነሣሁ። መምጣት ሲገባኝ ትራሱን አነሣሁ። ያ የዳቦ ሰውዬ ሲታሰርም ዝም አልኩ። ራሴን ሰው ብዬ እንዳልጠራ ያደረገኝ እሱ ነው፣ ጌታዬ፤ ማዕዘኑ አይደለም።"

ሳጅኗ እጁን ይዛ አወረደችው። ሴቶቹ በስፌት ክፍሉ መስኮት ተደርድረው ያያሉ። አንዷም "እሰይ" አላለችም።

ኢንስፔክተሩ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሲደርስ እናቲቱ ከቀዶ ጥገና ወጥተው ነቅተዋል። ልጅቷ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። እንግዲህ ስሙን ሊነግራት ነው፤ ቃሉን መጠበቁ ነው። አጠገቧ ተቀመጠና ፖስታውን ከፈተ።

"ያሰርነው ሰው ንጹሕ ነው። የገጫቸው የናንተው ሰርቪስ ነው። ሹፌሩ አምኗል።"

"ሰተት?" አፏን በመዳፏ ያዘች። "ሰተት እኮ... እኔም ውስጡ ነበርኩ! ከላይኛው ፌርማታ እንደወጣሁ ተኛሁ። እሷን ሲገጫት... እኔ ተኝቼ..."

"አንቺ ምን አጠፋሽ? ይኸውልሽ፣ መጀመሪያ የእናትሽን መነጽር ውሰጂ። ስንጥቁን ታሠሩላቸዋላችሁ።"

ማኅደሩን ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

"እማዬ መነጽር የላትም" አለች። "የኔ ነው። ትናንት ረስቼው ወጣሁ። ማታ ቤት ስፈልገው..." ቃሉ አፏ ላይ ቆመ። ኢንስፔክተሩም ያኔ ገባው። ያ ጨፈን ያለ ዓይን ንቀት አልነበረም፤ ማየት አቅቷት ነው። ፊቱ ቆማ ያላያት መርማሪ ሆኖ ተገኘ።

"ልትሰጠኝ ነው የሮጠችው" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። "ያለሱ መርፌ ማስገባት እንደማልችል ታውቃለች።"

ኢንስፔክተሩ እጁ ሥራ ሲያጣ ትራሷን ከፖስታው አወጣ። "ማስጠንቀቂያዋ እንዳትጮህ የሸፈኑባት ይሄ ነው። ሹፌሩ ማን እንደሰፋው አልናገርም ብሏል። አንቺ ስፌት ታውቂያለሽ፤ የማን እጅ እንደሆነ ትለይው እንደሆነ..."

ልጅቷ መነጽሯን አደረገች። በተሰነጠቀው መስታወት አሻግራ የተጨፈኑትን ዓይኖች አየች። ብዙ አየች። ከዚያ ከአንገቷ ሥር ጀምሮ እስከ ፀጉሯ መነሻ ቀላች።

"የኔ ነው" አለች። "ዓይኖቹን የጠለፍኩት ለቀልድ ነበር። ሁሉም ሳቁ።"

ኢንስፔክተሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሀያ ቦታ መጠየቅ ሲችል የጠየቀው እሷን ነው።

ልጅቷ ተነሥታ ወደ ክፍሉ ገባች፤ እሱም ተከተላት። እናቲቱ በሩ ሲከፈት ፈገግ አሉ፤ የልጃቸው ፊት ላይ መነጽሩን ሲያዩ ፈገግታው ጠፋ።

"እማዬ፣ መኪናው ምን ዓይነት ነበር?"

"ነጭ" አሉ እናቲቱ ቶሎ ብለው። "ለሰውዬው ነግሬዋለሁ። ነጭ ነው።"

"እማዬ።"

"ነጭ ነው አልኩ እኮ! ምን ታደርቀኛለች ይቺ ልጅ?"

"እናቴ" አለ ኢንስፔክተሩ፣ "በዚህ ቃልዎ የታሰረ ሰው አለ። ነጭ መኪና የሚነዳ፣ ዳቦ የሚያመላልስ።"

እናቲቱ ይህን አልሰሙም ነበር። አንሶላውን ወደ አገጫቸው ሳቡት።

"ሰው ታሰረ? በኔ?" አሉ። "እኔ እኮ ነጭ መኪና ስንት አለ፣ ማንን ያገኛሉ ብዬ ነው። አያገኙትም፣ ነገሩም ይረሳል ብዬ።" እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ። "ልጄ፣ ያን ሰው ፍታው። ዛሬውኑ ፍታው።"

"ትራሷን የሰፋቻት እሷ እንደሆነች ያውቁ ነበር?"

"አውቃለሁ ወይ?" አሉ። "ጥጡን ማን የሰጣት መሰለህ? የፋብሪካው ስፖንጅ ድምፅ ያሳልፋል ብላ ስታማርር የራሴን ትራስ ተርትሬ የሰጠኋት እኔ ነኝ። አማትሽን አስተኚያት ብዬ አብሬያት ስቄአለሁ።"

ልጅቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እጃቸውን መያዝ ፈልጋ እጇን ደበቀች።

"አየሁት እኮ ሲታጠፍ" አሉ እናቲቱ፣ አሁን ለልጃቸው ብቻ። "መነጽሩን ከፍ አድርጌ እያውለበለብኩ ልደርስበት ስል በአጠገቤ ታጠፈ። አንቺ መስኮቱ ላይ ጭንቅላትሽን ጥለሽ ተኝተሻል። ደስ አለኝ። እሰይ፣ ተኛችልኝ አልኩ። ከዚያ ነው የመታኝ።"

ክፍሉ ውስጥ ማንም ማንንም አላየም። ኢንስፔክተሩ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ በሩ አጠገብ ቆመ፤ መውጣት አፈረ፣ መቆምም አፈረ። ቆይታ ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘች። ከዚያ ሽርጧን አስተካክላ ተነሣች።

"እንሂድ" አለችው። "ቃሌን ልስጥ። የዳቦው ሰውዬ ዛሬም ታስሮ አይደር።"

መኪናው ሆስፒታሉ በር አጠገብ ቆሟል። ከፊት ገብታ ተቀመጠች፤ ፖስታውን ጭኗ ላይ አደረገችው። ኢንስፔክተሩ ልቡ ሌላ ቦታ ነበርና ፀሐይ መከላከያውን ዝቅ ማድረግ ረሳ። ሞተሩን ሲያስነሣ እንደማትንቀሳቀስ ተሰማው፤ ዞር ሲል በተሰነጠቀው መነጽር ውስጥ መስታወቱን ትኩር ብላ ታያለች። የታጠፈውን ፕላስተር። ጥቁሯን ቴፕ።

"እሱ..." አለ ኢንስፔክተሩ። እሱ ሲመረምረው ስንት ሰው አልቦት ያውቃል፤ አሁን ላቡ የራሱን አንገት ይወርዳል።

ልጅቷ ስፌት ስትፈታ እንደኖረች ጥፍሯን ከሥሩ አስገብታ ፕላስተሩን ላጠችው፤ ቀጥሎ ቴፑን። በዚያ ሰዓት የጠያቂ መግቢያ ነው፤ ከዘራ የያዙ፣ ልጅ ያዘሉ፣ ምግብ ያንጠለጠሉ በመኪናው ፊትና ጎን ይተላለፋሉ። ዕቃይቱ ዓመት ሙሉ አፍና የያዘችውን ሁሉ ለቀቀችው። ለእያንዳንዱ ጮኸች።

ልጅቷ ፕላስተሩን አጣጥፋ ፖስታው ውስጥ፣ ከትራሷ ጎን አስገባችው። "ይሄም አብሮ ይመዝገብ" አለች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ኢንስፔክተሩ ሰዉ እስኪያልፍ ቆሞ ጠበቀ። ጣቢያ ደርሰው ሳጅኗ ፖስታውን ስትቀበለው፣ ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ አስቆጠራት። ፕላስተሩንም በራሱ ስም አስጻፈ።